የ«አውሮራ» ሽቦ፦ በበረዶ ከተያዘች መርከብ የተላከ ቃል

በትርጉም ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ አሮጌ የመርከብ ራዲዮ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ሥራው እንደ ማናቸውም መመሪያ ደረቅ ነው፤ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሰዓት አጠባበቅ፣ ስለ መዝገብ አያያዝ ይዘረዝራል። በመካከሉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብዕሬን አቆመው። ዋናው አንቴና ሊሰበር በሚችል ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ መርከቡ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ያለቀ መጠባበቂያ አንቴና ይዞ መጓዝ አለበት ይላል። ጥቅል ሽቦ መያዝ ለምን አልበቃም? ለምንስ አስቀድሞ ተለክቶ፣ ተቆርጦና ማሰሪያው ሳይቀር ተበጅቶ መቀመጥ አስፈለገው? መልሱ በመመሪያው ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቃል ወደ ደንብ የሚገባው በብዙ መርከቦች ላይ ብዙ ሰዎች በጨለማና በማዕበል ውስጥ ሽቦ ሲለኩ ከኖሩ በኋላ ነው። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ከእነዚያ ሰዎች የአንዱን ታሪክ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል፤ የተርጓሚ ልማድ ነውና አንባቢ ይቅር ይለኛል። «አንቴና» ስንል በቤት ጣሪያ ላይ የቆመው ብረት ይታወሰናል እንጂ ባሕር አይታወሰንም። ሆኖም ቃሉ የተወለደው በመርከብ ላይ ነው። በላቲን ቋንቋ አንቴና ማለት በመርከብ ደቀል ላይ በአግድመት ተሰቅሎ ሸራ የሚንጠለጠልበት ረጅም እንጨት ነበር። (ደቀል የመርከብ ምሰሶ መሆኑን ብሉይ ኪዳን ያነበበ ሁሉ ያውቃል።) በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሪስቶትልን የእንስሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ላቲን የመለሰው ቴዎድሮስ ጋዛ፣ ለትናንሽ ነፍሳት የራስ ቀንድ ይህንኑ የመርከብ ቃል ተጠቀመ፤ የግሪኩ ቃል ቀንድንም የሸራውንም እንጨት የሚያመለክት ነበርና። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደግሞ ጣሊያናዊው ማርኮኒ ሽቦውን የሚሰቅልበትን እንጨት በአገሩ ቋንቋ አንቴና ብሎ ጠራው፤ ስሙም ከእንጨቱ ወደ ሽቦው ተሻገረ። እንግዲህ አንድ መርከበኛ ከወደቀ ደቀልና ከተረፈ እንጨት አንቴና ሲሠራ፣ ቃሉን ወደ ጥንት ቤቱ ይመልሰዋል ማለት ነው።

«አውሮራ» በ1876 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ ለዓሣ ነባሪ አደን የተሠራች የእንጨት መርከብ ናት። ከ1911 እስከ 1914 የአውስትራሊያዊው የዳግላስ ሞውሰን የአንታርክቲካ ጉዞ መርከብ ሆና አገለገለች። የዚያ ጉዞ አባላት በኬፕ ዴኒሰን ያቆሟቸው የራዲዮ ምሰሶዎች በ1912 በነፋስ ወድቀው፣ ከማኳሪ ደሴት ጋር ሁለትዮሽ ግንኙነት የተጀመረው በ1913 እንደገና ከቆሙ በኋላ ነበር። በዚያ የዓለም ጫፍ ነፋስ በሽቦ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለሚያውቁት ሰዎች አዲስ ነገር አልነበረም።

በ1914 መርከቧን ኧርነስት ሻክልተን ገዛት። የሻክልተን እቅድ አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር በእግር ማቋረጥ ነበር። እርሱ ራሱ «ኢንዱራንስ» በተባለች ሌላ መርከብ በዌዴል ባሕር በኩል ይገባል፤ «አውሮራ» ደግሞ በተቃራኒው ወገን፣ በሮስ ባሕር በኩል ሄዳ፣ ሰዎቿ በሻክልተን መንገድ መጨረሻ ላይ የምግብና የነዳጅ ክምችት ያኖራሉ። ክምችቱ ከሌለ ከዚያ ወገን የሚመጣው ሁሉ በረሃብ ያልቃል። ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው ከሌላው ጋር የሚነጋገሩበት አንዳች መንገድ አልነበራቸውም። «ኢንዱራንስ» የያዘችው መቀበያ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከፎክላንድ ደሴቶች ጣቢያ የሚላከውን ምልክት ለመስማት ተሞክሮ፣ ርቀቱ ከመሣሪያው አቅም በላይ በመሆኑ ምንም አልተሰማም።

«አውሮራ» በጃንዋሪ 1915 ማክመርዶ ሳውንድ ደርሳ ለክረምቱ በኬፕ ኢቫንስ ታሰረች። በሜይ 6 ቀን ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና መርከቧ የታሰረችበትን በረዶ ከባሕሩ ዳር ገነጠለው። የብረት ገመዶቹ ተበጠሱ፤ መልሕቆቹም ቀሩ። በንጋት የብስ ላይ የነበሩት ሰዎች ወደ ባሕሩ ሲመለከቱ መርከብ የለችም። ዐሥር ሰዎች በበረዶው ምድር ቀሩ። ካፒቴኑ ኤኒየስ ማኪንቶሽ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ሊያወርዱት ያሰቡት ልብስ፣ ነዳጅና ስንቅ አብዛኛው ገና በመርከቧ ሆድ ውስጥ ነው። በመርከቧ ላይ ደግሞ 18 ሰዎች ከበረዶው ጋር ወደ ሰሜን መንሳፈፍ ጀመሩ፤ አዛዣቸው የ27 ዓመቱ የመጀመሪያ መኮንን ጆሴፍ ስቴንሃውስ ሆነ።

የራዲዮ ኦፕሬተሩ ላዮኔል ሁክ ይባላል። ከሜልበርን የመጣ፣ በሲድኒ በተቋቋመው የአማልጋሜትድ ዋየርለስ ኩባንያ የሠራ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ለዚህ ወጣት የተሰጠው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለመገመት፣ የዘመኑን ራዲዮ ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያሻል።

በዚያን ጊዜ መርከቦች የሚጠቀሙበት መደበኛ የሞገድ ርዝመት 600 ሜትር ነበር። አንቴና በሚገባ እንዲሠራ ቁመቱ የሞገዱ ሩብ ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም 150 ሜትር መሆኑ ነው። የትኛዪቱ የእንጨት መርከብ ናት 150 ሜትር ደቀል የምታቆመው? ስለዚህ የመርከብ አንቴና ምንጊዜም ከሚፈለገው እጅግ ያጠረ ነው። ይህን ጉድለት ለማቃለል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሽቦውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ለአጭር አንቴና ከፍታው በእጥፍ ሲያድግ ያው የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ አየር የሚልከው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው በአንድ ሽቦ ፈንታ ብዙ ሽቦዎችን ጎን ለጎን መዘርጋት ነው፤ ሽቦዎቹ ሲበዙ አንቴናው የሚሸከመው ፍሰት ይጨምራል። ከዚህ ሌላ ሽቦው ከደቀሉና ከገመዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሸክላ መለየት አለበት። እርጥበት ወይም ጨው ሸክላውን ከሸፈነው ኃይሉ ወደ አየር በመሄድ ፈንታ በደቀሉ ወርዶ ይጠፋል። በበረዶ ባሕር ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ውርጩ። በሽቦው ዙሪያ እንደ ጥጥ እየደደረ ይወፍርና ክብደቱ ሽቦውንም ደቀሉንም ይጎትታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መስማትና መሰማት በራዲዮ አንድ አይደሉም። ደካማ አንቴና ከሩቅ ትልቅ ጣቢያ የሚመጣውን ምልክት ሊቀበል ይችላል፤ በዚያው አንቴና መልስ ለመስጠት ግን ኃይል ይጠይቃል። የሁክ መከራ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

መርከቧ ከተነጠቀች በኋላ ሁክ ኬፕ ኢቫንስን ለመጥራት ሞከረ፤ መልስ የለም። በስተሰሜን ያለውን የማኳሪ ደሴት ጣቢያ ጠራ፤ መልስ የለም። በኦገስት ማብቂያ ላይ የማኳሪ ደሴትና የኒውዚላንድ ጣቢያዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ምልክት አልፎ አልፎ መስማት ጀመረ። እስቲ አስቡት፤ ሌሎች ሲነጋገሩ ይሰማል፣ እርሱን የሚሰማው ግን የለም። ማኳሪ ላይ የነበረው ጣቢያ ደግሞ በዚያው በ1915 ማብቂያ ተዘጋ። ወጣቱ ያን ያህል ጊዜ ተስፋ የጣለበት ጆሮ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ነው።

በዚህ መካከል በረዶው መርከቧን ይጨምቃት ነበር። በጁላይ 21 ቀን ከፊትና ከኋላ የመጣው ግፊት መሪዋን ሰባበረው። ስቴንሃውስ ሰዎቹ መርከቧን ትተው በበረዶው ላይ በእግር ለመሄድ እንዲዘጋጁ አዘዘ፤ ስንቅና ተንሸራታች ጋሪ ተሰናዳ። መርከቧ ግን አልሰጠመችም።

ቀጥሎ የወደቀው የሽቦው ድጋፍ ነው። የአንቴናው የኋላ ጫፍ የተሰቀለበት ደቀል ክረምቱን ሙሉ ነፋሱን ተቋቁሞ ከቆየ በኋላ፣ ጨለማው ሊገፍፍ ሲል በመጣ የበረዶ ማዕበል ተሰበረ። ስቴንሃውስ በማስታወሻው እንደሚተርከው ደቀሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ አይቶ ነበር፤ ያን ሁሉ ክረምት የቆመ ይወድቃል ብሎ ግን አልጠበቀም። በዚያ አየር በመርከቧ ወለል ላይ መራመድ ለሕይወት አደገኛ ስለ ነበር ማንም ውጭ አልነበረም፤ ሲወድቅም ማንንም አልጎዳም።

እዚህ ላይ ነው ያ የመመሪያ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ የገባኝ። በሞቀ ክፍል ተቀምጦ አንቴና መሥራት ቀላል ነው። ሽቦ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ሸክላው ይታሰራል፣ ያልቃል። በ«አውሮራ» ላይ ግን ሽቦው ሲታጠፍ የሚሰባበር ውርጭ የለበሰ ነው። ቋጠሮ የሚያስር ሰው ጓንቱን ካላወለቀ ጣቶቹ አይታዘዙትም፤ ካወለቀ ደግሞ ጣቶቹን ያጣል። ደቀል ላይ የሚወጣው ሰው የሚይዘው ገመድ ራሱ በበረዶ የተሸፈነ ነው። ሁሉም ተሠርቶ ከተሰቀለ በኋላ የሽቦው ርዝመት ስለ ተለወጠ መሣሪያው በአዲስ መልክ መቃኘት አለበት። በገና ላይ ጅማት የለወጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ አዲሱ ጅማት በአሮጌው ቅኝት አይሰማም።

መርከቧ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1916 ከያዛት በረዶ ተላቀቀች፤ ነገር ግን ከተንሳፋፊው በረዶ ሙሉ በሙሉ የወጣችው በማርች 14 ነው። ከኬፕ ኢቫንስ ከተነጠቀች 312 ቀን ሆኗት ነበር። መሪ የላትም፤ በሰዎቿ እጅ የተሠራ ጊዜያዊ መሪ ነው የሚመራት። መልሕቆቿ ቀርተዋል። የድንጋይ ከሰሉ ሊያልቅ ነው። ስቴንሃውስ ዐሥሩን ሰዎች ለማውጣት ወደ ደቡብ ሊመለስ ይመኝ ነበር፤ መርከቧ ግን ከእንግዲህ የምትችለው ወደ ኒውዚላንድ መሄድን ብቻ ነበር፤ እርሱም ከተሳካላት።

በዚህ ጊዜ ሁክ እንደገና ወደ ሽቦው ተመለሰ። በረዶው ቀርቷል፤ በፈንታው ግን የደቡብ ውቅያኖስ ማዕበል መጥቷል፤ መርከቧም ወዲያና ወዲህ ትናጣለች። ሁክ አራት ሽቦዎችን ጎን ለጎን አድርጎ አዲስ አንቴና ሠራና እስከ 80 ጫማ፣ ማለት 24 ሜትር ያህል፣ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ሁለት መንገዶች በአንድነት መጠቀሙ ነው፤ ሽቦውን ከፍ አደረገ፣ ሽቦዎቹንም አበዛ። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ አልመጣለትም። ያ ያስመረረው ደካማ ማስተላለፊያ፣ ያው የመርከቧ ሽቦና እንጨት፣ ያው ገመድ ነበር።

በማርች ወር የመጨረሻ ሳምንት ሌሊት፣ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ በብለፍ አጠገብ ያለው ጣቢያ ጥሪውን ሰማ። በተከታዩ ሌሊት በታዝማኒያ የሚገኘው የሆባርት ጣቢያም ሰማ። ርቀቱ መሣሪያው በተለመደ ጊዜ ከሚደርስበት እጅግ ያለፈ ነበር። ለዚህ ሁክ ብቻውን አይመሰገንም፤ ሌሊቱም ረድቶታል። የዚያ ዘመን የራዲዮ ሞገዶች ሌሊት ሌሊት ከላይኛው የአየር ንብርብር እየነጠሩ ሩቅ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ንብርብር መኖሩ በ1902 በግምት ተነግሮ ነበር፤ በሙከራ የተረጋገጠው ግን በ1924 ነው። ስለዚህ በ1916 አንድ ኦፕሬተር ሊያውቅ የሚችለው አንዳንድ ሌሊት ዕድል እንደሚቀና ብቻ ነበር። ዕድል ግን የሚቀናው ሽቦው ለተሰቀለለት ነው፤ ያ ሌሊት አንቴናው በመርከቧ ወለል ላይ ተጋድሞ ቢያገኘው ኖሮ እንደሌሎቹ ሌሊቶች ያልፍ ነበር።

መልእክቱ ለዓለም ከሁለቱ የሻክልተን መርከቦች የደረሰ የመጀመሪያው ዜና ሆነ። በውስጡ መልካምም ክፉም ነበረ፤ «አውሮራ» በሕይወት አለች፣ ዐሥር ሰዎች ግን በአንታርክቲካ ቀርተዋል። ስለ ሻክልተን የሚያወራ ቃል አልነበረበትም። «ኢንዱራንስ» ከአራት ወር በፊት በኖቬምበር 1915 ሰጥማ፣ እርሱና ሰዎቹ በዚያው ሳምንት በዌዴል ባሕር በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ ድንኳን ተክለው ተቀምጠው ነበር። በሌላው ወገን የቀሩት ሰዎች ደግሞ በቂ ልብስና ምግብ ሳይኖራቸው፣ ከነፋስ የተረፈ ነገር እየሰፉ፣ በትኩስ ፍራፍሬና አትክልት እጦት የሚመጣውን የድድና የደም በሽታ እየታገሉ፣ ክምችቱን እስከ ቤርድሞር የበረዶ ወንዝ እግር ድረስ አድርሰው ጨርሰዋል። ለሚመጣ ሰው ነው የደከሙት፤ የሚመጣ ግን አልነበረም። ይህን የሚነግራቸው ሽቦ ስላልነበረ፣ የመጨረሻውን ክምችት በጃንዋሪ 1916 ሲያኖሩ «ኢንዱራንስ» ከሁለት ወር በፊት ከባሕሩ በታች ገብታ ነበር።

መልእክቱ ከተሰማ በኋላ «ደኒዲን» የተባለች ጎታች መርከብ ከኒውዚላንድ ወጣች፤ «አውሮራ»ም በአፕሪል 3 ቀን 1916 ወደ ፖርት ቻልመርስ ወደብ ገባች። እዚህ ላይ የታሪኩን ውበት ትንሽ የሚቀንስ ነገር መናገር አለብኝ። የሁክ ሽቦ ዜናውን በቶሎ አደረሰ፤ ርዳታው ግን በቶሎ አልሄደም። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ መርከቧም መጠገን ነበረባት፤ ጦርነቱ አለ፤ ገንዘቡን የሚያወጡት የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ መንግሥታት ከሻክልተን ጋር ስለ አዛዥነቱ አልተስማሙም። በመጨረሻ አዛዥነቱ ለካፒቴን ጆን ኪንግ ዴቪስ ተሰጠ። መርከቧን ከበረዶ ያወጣት ስቴንሃውስ ወደ ጎን ተተወ፤ ሻክልተን ራሱ በገዛ መርከቡ ላይ ያለ ሥልጣን ተሳፈረ።

በጃንዋሪ 10 ቀን 1917 «አውሮራ» ኬፕ ኢቫንስ ስትደርስ ከዐሥሩ ሰባት ሰዎች ወጡ። ቄሱ አርኖልድ ስፔንሰር-ስሚዝ በማርች 9 ቀን 1916 ከክምችቱ ሲመለሱ በመንገድ ሞቶ ነበር፤ ይህም ሁክ ከመሰማቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው። ማኪንቶሽና ቪክተር ሄይዋርድ በሜይ 8 ቀን 1916 ገና ባልጠነከረ የባሕር በረዶ ላይ ወጥተው ጠፉ። በዚያ ቀን «አውሮራ» ወደብ ላይ ታስራ ነበር። ሰባቱ ሰዎች ግን መርከቧ ከነሰዎቿ ሰጥማለች ብለው ያስቡ እንደ ነበርና ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር በአድማሱ ጭስ ማየታቸውን ስናስብ፣ ዜናው ባይደርስ ኖሮ ማን መቼ ይፈልጋቸው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ሁክ ከዚያ ወደ ጦርነቱ ገባ፤ ከጦርነቱም በኋላ ወደ ቀድሞ ኩባንያው ተመልሶ እስከ ሥራ አስኪያጅነትና ሊቀመንበርነት ደረሰ፤ የ«ሰር» ማዕረግም ተሰጠው። በ1974 ሞተ። የመርከብ አንቴናም ከእርሱ ዘመን ጀምሮ ብዙ ተለወጠ። ያ ያቆመኝ ደንብ የተጻፈለት ረጅም ሽቦ፣ ከ1992 እስከ 1999 ደረጃ በደረጃ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ የባሕር አደጋ መገናኛ ሥርዓት ቦታውን ለሳተላይትና ለአጫጭር ዘንጎች ለቀቀ።

«አውሮራ» ግን ብዙ አልቆየችም። ከኬፕ ኢቫንስ በተመለሰች በዚያው ዓመት፣ በጁን 1917፣ የድንጋይ ከሰል ጭና ከአውስትራሊያ ኒውካስል ወደብ ወደ ቺሊ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ከእርሷ የተሰማ ምንም ጥሪ የለም። ከወራት በኋላ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ አቅራቢያ አንዲት መርከብ ከውኃው ላይ የሕይወት ማዳኛ ቀለበት አነሣች፤ የ«አውሮራ» ነበር።